የጁሙዐ ማስታወሻ፦ ካንሰር ቤታችን ሲገባ የዕለት ልማዳችን

 

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ርዕሳችን ብዙ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራው ነው፤ ካንሰር። ቤታችን ውስጥ ስሙ እንኳ አይጠራም። «ያ በሽታ» ይባላል፣ ልጆች ሲገቡ ወሬው ይቀየራል። ይህን ከምታነቡት መካከል ውጤቱን በራሳችሁ ስም የተጻፈ ወረቀት ላይ ያነበባችሁ አላችሁ። ብዙዎቻችሁ ደግሞ የታመመችው እናታችሁ ናት፣ ወይም አባታችሁ፣ ወይም አክስታችሁ። ሁለታችሁንም ነው የማናግረው።

ውጤቱ በተነገረበት ሰሞን የሚባል ነገር አይጠፋም። ሰብር አድርጉ ይባላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ማሻአላህ፣ ይህ ሁሉ መልካም ነው። የሚጎድለው ከሦስት ወር በኋላ የሚባል ነገር ነው። ያኔ ጠያቂው ቀንሷል፣ ሕክምናው ገና አላለቀም፣ ታማሚዋ ጠዋት ትነሳለች። ምን ትብላ? ትንቀሳቀስ ወይስ ትተኛ? ረመዷን ሲመጣ ትጹም? እንዲህ ባለው ጊዜ ሰውን ደግፎ የሚያቆመው ልማድ ነው። ዛሬ የምንማማረው ስለዚያ ልማድ ነው።

አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ኢማም ቡኻሪ የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። ሐሳቡ አንድ የአላህ ባሪያ ሲታመም ወይም ለጉዞ ሲወጣ፣ ጤነኛና በቤቱ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ ይጻፍለታል የሚል ነው። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ታማሚ ለማጽናናት ነው። ለእኔ ግን ጤነኛውን ወጣት ይበልጥ የሚመለከት ይመስለኛል። የሚጻፈው «ይሠራው የነበረው» ነዋ! ሳይታመም ልማድ ያልነበረው ሰው ምን ይጻፍለታል? ታማሚውንም ከአንድ ከባድ ሐሳብ ያሳርፈዋል፤ ትናንት የሚችለውን ዛሬ ባለመቻሉ ራሱን መውቀስ አያስፈልገውም።

ሌላው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ አላህ ዘንድ ከሥራዎች ሁሉ የሚወደደው ትንሽ ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን የሚነግረን ሐዲስ ነው። ስለ ሱና ሶላትና ስለ ቁርኣን ስንማር እናነሳዋለን። ለታመመ ሰው እግር፣ ሆድና እንቅልፍም ይሠራል። ውጤቱን በሰማ ሳምንት ስኳር፣ ሥጋና ዳቦ በአንድ ቀን ያቆመ፣ ጂም የተመዘገበ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለመቆም የነየተ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ሲተው ታዩታላችሁ። በቀን አምስት ደቂቃ መራመድ የጀመረው ግን ከስድስት ወር በኋላም እየተራመደ ነው።

ስለ ከተማችን ጥቂት እንወቅ። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተመዘገቡት ሦስት ታማሚዎች ሁለቱ ያህል ሴቶች ነበሩ፤ ከሴቶቹም ሲሶ ያህሉ የጡት ካንሰር ያለባቸው ናቸው። በወንዶች በኩል የትልቁ አንጀት ካንሰር ከፊት ከሚሰለፉት ነው። እንግዲህ በገርጂም ይሁን በጎሮ፣ በሰሚትም ይሁን በቦሌ ሚካኤል፣ ካንሰር ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚይዘው እናትን ነው ማለት ነው። የቤቱን ልማድ የምትሠራው ደግሞ እሷ ናት። ማን መቼ እንደሚበላ፣ ለሱብሒ ማን እንደሚቀሰቀስ፣ የማን መድኃኒት እንዳለቀ የምታውቀው እሷ ነበረች። እሷ ስትተኛ ለእሷ ልማድ የሚሠራላት ማን ነው? እናንተ ናችሁ። ወንዶች ልጆችም ጭምር፤ አልጫ መሥራት የእህት ግዴታ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ልማድ ቀጠሮ ማክበር ነው። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ኬሞ በዙር የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ ብዙ ጊዜ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ። በዙሮቹ መካከል ያለው ጊዜ ተሰልቶ ነው የሚወሰነው፦ ጤነኛው የሰውነት ክፍል እንዲያገግም ይበቃል፣ ካንሰሩ ግን እንደገና እንዲበረታ ፋታ አይሰጠውም። አንዳንዱ ታማሚ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ዙር በኋላ እብጠቱ ሲቀንስለት «አሁንማ ድኛለሁ» ይላል። ሌላው ፀጉሩ ሲረግፍና ምግብ ሲያስጠላው «የሚገድለኝ መድኃኒቱ ነው» ብሎ በዚያው ይቀራል። ገንዘብም አለ፣ መንገድም አለ። ከአያት ወይም ከጎሮ በጠዋት ተነስቶ ጥቁር አንበሳ መድረስ፣ ደም ሰጥቶ ውጤት መጠበቅ፣ ወረፋ መያዝ፣ ከዚያ የሚያቅለሸልሸውን ሰው ይዞ በሥራ መውጫ ሰዓት በመገናኛ በኩል መመለስ ጤነኛውንም ያደክማል።

ስለዚህ ይህን ጣጣ ከታማሚው ላይ አንሱት። ከቤተሰቡ አንድ ሰው፣ የግድ ትልቁ ልጅ መሆን የለበትም፣ የወረቀቱ ኃላፊ ይሁን። አንድ ፋይል ይገዛ፤ የናሙና ምርመራው ውጤት፣ የራጅና የሲቲ ስካን ንባብ፣ የደም ውጤቶች፣ የተሰጡት መድኃኒቶች ስምና ቀን ሁሉ በተራ ይግቡበት። ሌላ ሐኪም ማየት ቢያስፈልግ ሁሉን ከመጀመሪያው ከመጀመር ያድናል። ቀጠሮው ስልካችሁ ላይ ሁለት ጊዜ ይሞላ፦ ከሳምንት በፊት ለገንዘብና ለመጓጓዣ፣ ከአንድ ቀን በፊት ለደም ምርመራው። ከፋርማሲም ቴርሞሜትር ይገዛ። ኬሞ የሚወስድ ሰው ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይወሰድ። «ፓራሲታሞል ወስዳ እስኪነጋ እንያት» አይባልም። ነጭ የደም ሴሏ በወረደ ሰዓት ትኩሳት የከባድ ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ሰዓት መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል።

አቅም ያነሳችሁ ሰው የት እንደሚጠየቅም እወቁ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው በደም ካንሰር ልጃቸውን ባጡ ወላጆች ነው፤ ስሙም የሕፃኑ ስም ነው። ሐዘናቸውን ለሌላው ሰው መጠለያና ድጋፍ አደረጉት። ከክልል ለሕክምና መጥቶ ማደሪያ ያጣ ዘመድ ካላችሁ እዚያ ጠይቁ።

እዚህ ላይ የሩቅያ፣ የማርና የጥቁር አዝሙድ ነገር መነሳቱ አይቀርም። ሰሓቦች እንታከም ወይ ብለው በጠየቁ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዲታከሙ ነግረዋቸዋል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ቁርኣንና ዱዓ ከኬሞ ጋር አይጣሉም። የሚያጣላቸው «ይህን ከጀመርሽ ያንን ተዪ» የሚለው ሰው ነው። በግልጽ ልናገር፦ ቀጠሮዋን እንድትተው የሚመክራት ማንም ይሁን ማን፣ ጢሙ የረዘመም ቢሆን፣ አትስሙት። የሚዋጥና የሚጠጣ ነገር ደግሞ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይትም ይሁን ሽፈራው ወይም ከዱባይ የመጣ እንክብል፣ ለሐኪሙ ይነገረው። አንዳንድ ዕፅዋት ጉበት መድኃኒቱን የሚያብላላበትን ሁኔታ ይለውጡታል፤ መድኃኒቱ ወይ ይበዛባታል ወይ ያንስባታል። ሐኪሙ ይቆጣል ብላችሁ አትደብቁ።

ወደ እንቅስቃሴ ልለፍ። እዚህ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም በቤታችን ፍቅር ራሱ የሚያበላሸው ልማድ ይህ ነው። እናት ታመመች ሲባል መጀመሪያ የምናደርገው ማስተኛት ነው። ውሃ አታንሺ፣ ቡና አታፍዪ፣ ከአልጋ አትውረጂ። አስበን ነው። ነገር ግን ካንሰርና ሕክምናው የሚያመጡት ድካም እንደ ሌላው ድካም አይደለም፣ በእንቅልፍ ብቻ አይለቅም። ብዙ በተኛች ቁጥር ጡንቻዋ ይሟሽሻል፤ ጡንቻዋ ሲሟሽሽ ወደ መታጠቢያ ቤት መሄድ እንኳ ያደክማታል፤ ስለደከማት ደግሞ ይበልጥ ትተኛለች። ከዚህ የሚያወጣት በመጠኑ መንቀሳቀስ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ሞቅ ብሎ መራመድ የካንሰር ታማሚዎችን ድካምና ጭንቀት እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። ዛሬ የዘርፉ ባለሙያዎች ለታማሚ የሚሰጡት ምክር ይህ ነው።

በ2025 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነገር ተሰማ። በካናዳና በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች መሪነት የተደረገ ጥናት የትልቁ አንጀት ካንሰር የነበረባቸው፣ ቀዶ ሕክምናና ኬሞ የጨረሱ 889 ሰዎችን ተከታተለ። ግማሾቹ የጤና ምክር የያዘ ጽሑፍ ብቻ ተሰጣቸው። የቀሩት ለሦስት ዓመት አሠልጣኝ እየተከታተላቸው እንቅስቃሴያቸውን ጨመሩ። አብዛኞቹ ተራራ አልወጡም፤ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ የመራመድ ያህል ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ከተንቀሳቀሱት ከመቶው 90 ያህሉ በሕይወት ነበሩ፣ ከሌሎቹ 83 ያህሉ። ከመቶ ሰው ሰባት ሰው ማለት ነው። ጥናቱ በአንጀት ካንሰር ላይ፣ ከሕክምና በኋላ የተደረገ ስለሆነ ለሁሉም ዓይነት ይሠራል ብለን አንለጥጠው። ደግሞም አስተውሉ፣ ሁለቱም ወገን ምክሩን ሰምቷል። የተለያዩት በየጊዜው የሚከታተል ሰው በማግኘትና ባለማግኘት ነው። የእናንተ ቦታ እዚህ ላይ ነው።

ቦሌ ያሉት ጂሞች ውድ ናቸው፣ ደግሞም አያስፈልጉም። የሚሰግድ ሰው ሌላው የሚመኘው ነገር በእጁ አለ፤ ቀኑ አምስት ቦታ ላይ ተከፍሏል። መራመዱን ከአንዱ ሶላት ጋር እሰሩት። ለምሳሌ ከዐስር በኋላ አምስት ደቂቃ። በቤት ኮሪደር፣ በግቢ፣ በኮንዶሚኒየሙ ሕንፃ ዙሪያ ይሁን። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። ኬሞ በወሰደችበት ሳምንት ቢቀንስ ይቀንስ፣ ዜሮ ግን አይሁን። ከወንበር ተነስቶ መልሶ መቀመጥ አሥር ጊዜም እንቅስቃሴ ነው። እየተራመደች ማውራት ከቻለች መጠኑ ልክ ነው፤ የጀመረችውን ወሬ መጨረስ ካቃታት ግን በዝቶባታል።

ስለ ኮንዶሚኒየም ካነሳን፣ አያትና ሰሚት አራተኛ ፎቅ ላይ ሊፍት በሌለው ሕንፃ የሚኖር ታማሚ ብዙ ጊዜ ከቤት የማይወጣው ድካሙ ብቻ ይዞት አይደለም፤ ወርጄ መመለስ ያቅተኛል የሚለው ፍርሃት ይይዘዋል። በየፎቁ መታጠፊያ ላይ አንድ ዱካ አስቀምጡ። ሲመለስ በየፎቁ ይቀመጥ። ጎረቤት ምን ይላል አትበሉ፣ ምክንያቱ ሲነገረው ሌላ ዱካ ያመጣል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ እንደሆነም አትርሱ። በኬሞ ደሟ የቀነሰ ሰው እዚህ ከተማ ላይ ቶሎ ትንፋሽ ቢያጥራት ስንፍና አይደለም። ደረጃውን ስትችል ደግሞ ከቦሌ ወደ መገናኛ የተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ወንበር አለበት፣ ዐቀበቱም አይከብድም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የ«መንገድ ለሰው» ቀን በአካባቢያችሁ ካለም ከመኪና ጭስ ነፃ የሆነ ሰዓት ነው።

ልክም አለው። ትኩሳት፣ የደረት ሕመም ወይም ማዞር ባለበት ቀን አይወጣም። ካንሰሩ አጥንት ላይ ከደረሰ ወይም ቀዶ ሕክምናው ገና ከሆነ ምን ማድረግ እንደሚቻል መጀመሪያ ሐኪሙ ይጠየቅ። ጡቷን በቀዶ ሕክምና የታከመች እህት ደግሞ ክንዷ እንዳይደርቅ የሚሰጣት የትከሻ ስፖርት አለ። ሕመሙን ፈርታ ክንዷን አጥፋ ከያዘችው ይደርቃል። ለተክቢር እጇን ስታነሳ እስከ የት እንደደረሰች በየሳምንቱ ልብ ማለት ጥሩ መለኪያ ነው።

ምግብን በተመለከተ ከዘመድ ሁሉ የተለያየ ምክር ይመጣል። አንዱ «ስኳር ካንሰሩን ይመግበዋል» ይላታል፣ ሌላው ሥጋ ይከለክላታል፣ ሦስተኛው ወተት። በመጨረሻ ሻይ ብቻ እየጠጣች ትከሳለች። በሕክምና ላይ ያለ ሰው ትልቁ ሥጋት መክሳት ነው፤ ክብደቱ በጣም የወረደ ሰው ቀጣዩን ዙር መቋቋም ያቅተውና ሕክምናው ይራዘምበታል። በሕክምናው ወራት ዋናው ጥያቄ «ምን ልከልክላት?» ሳይሆን «ዛሬ ምን ወረደላት?» ነው።

ትልቅ ሳህን ሞልታችሁ አታቅርቡላት፣ ስታየው ያቅለሸልሻታል። በቀን ሦስቴ የነበረውን አምስት ስድስት ጊዜ አድርጉት፣ በትንሽ ሳህን። እሱንም ከሶላት ሰዓቶቹ ጋር ማያያዝ ይቻላል። አፏ ከቆሰለ በርበሬው ይቆጠቁጣታል፤ የምስር አልጫ፣ የአተር ክክ፣ ለስላሳ ሩዝ፣ የአጃ ሾርባ፣ አጥሚት፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል ይሁን። ሽታ የሚረብሻት ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ይሻላታል፤ ሽንኩርት በሚቁላላበት ሰዓትም ከኩሽና ትራቅ። ለወትሮው ተምር ለረመዷን ብቻ የምትገዙ ከሆነ አሁን ከአልጋዋ አጠገብ አስቀምጡት፤ ሁለት ተምር ከአንድ ብርጭቆ የተፈላ ወተት ጋር ምግብ ነው።

የሚከለከለው ጥሬው ነው። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልተፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ እርጎ፣ በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ፤ ነጭ የደም ሴሏ በወረደ ጊዜ ጤነኛ ሰው የማያስተውለው ጀርም እሷን ሆስፒታል ያስገባታል። እጅ መታጠብን ውዱእ አስተምሮናል፣ ከምግብ በፊትም እንድገመው። እንግዳ ሲመጣም እጁን ታጥቦ ይግባ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ይጠይቃት።

ሕክምናው ሲያልቅ ግን ሕጉ ይገለበጣል። ያኔ ክብደት መጨመር ይመጣል። በተለይ ከጡት ካንሰር በኋላ ያለልክ መወፈር ጥሩ አይደለም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና የጤፍ እንጀራው ተመልሰው ዋና ይሁኑ፤ ለስላሳ መጠጡና በዘይት የተጠበሰው ይቀንስ። የረመዷን ሳምቡሳ ዓመቱን ሙሉ እንዳይሆን። ይህ ምግብ ለታማሚ ብቻ ተለይቶ የሚሠራ ከሆነ ልማድ አይሆንም፤ እናንተም ያንኑ ብሉ።

ጫትና ሺሻን በአጭሩ። የምታውቁትን ለምን አስረዝማለሁ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያሳጣል። ታማሚው አጥብቆ የሚፈልጋቸው ሁለት ነገሮች እነዚሁ ናቸው። ሺሻን በተመለከተ ውሃው ጭሱን ያጣራዋል የሚለው ከንቱ ወሬ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሰዓት ያህል በሚቆይ አንድ ሺሻ የሚሳበው ጭስ ከአንድ ሲጋራ መቶ እጥፍ እንደሚበልጥ ከጻፈ ቆይቷል። «አንዴ ይዞኛል፣ አሁን ባቆም ምን ሊጠቅመኝ» የሚል ወንድም ካለ ይጠቅመዋል፦ ማጨስ ያቆመ ታማሚ ቁስሉ ቶሎ ይድናል፣ የጨረር ሕክምናው ይበልጥ ይሠራለታል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ሳሎናችን ግን አዋጅ አይደርስበትም፣ እኛው ነን የምንከለክለው። እሱ እንዲያቆም እየመከራችሁ እናንተ ከቦሌ ጓደኞቻችሁ ጋር ሺሻ ቤት የምታመሹ ከሆነ ያውቃል፤ ልብሳችሁ ይሸታል።

ሌሊቱ ደግሞ አለ። ቀን ላይ ደህና የምትመስል እናት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጣሪያ እያየች ትገኛለች። ከምሳ በኋላ ረጅም እንቅልፍ ካለ ወደ ግማሽ ሰዓት ይውረድ፣ ቡናው ከዙህር በኋላ ይቅር፣ ስልኩ ከመኝታ ይራቅ። ሌሊት ላይ ስለ በሽታው ኢንተርኔት መፈለግ ማንንም አስተኝቶ አያውቅም። እንቅልፍ እንቢ ካለ ተነስቶ ሁለት ረከዓ መስገድ ወይም በጋደሙበት ዚክር ማድረግ አልጋ ላይ ከመገላበጥ ይሻላል። ነገር ግን ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ከቆየ፣ ምግብ ካስጠላት፣ «ምነው አልሞትኩም» ማለት ካመጣች፣ ይህ የኢማን ድክመት አይደለም። መድኃኒትና ምክር ያለው ሌላ ሕመም ነው፣ ለሐኪሟ ተናገሩ። «ሰብር አድርጊ» እያሉ አፏን መዝጋት ወደ ውስጥ እንድታለቅስ ያደርጋታል።

ስለ ዒባዳ ልማድም ልጨምር፤ ታማሚዎቻችን ራሳቸውን የሚያስጨንቁበት ቦታ ነውና። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) በታመሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉም በጎናቸው ተጋድመው እንዲሰግዱ ነግረዋቸዋል። ቡኻሪ ዘግበውታል። ወንበር ላይ መስገድ የሚያሳፍር አይደለም። ቁስሉ ውሃ እንዳይነካው የተባለ ሰው የተየሙምን አደራረግ ኡስታዙን ይጠይቅ።

ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሆዱ ላይ የሰገራ ከረጢት የተደረገለት ወንድም ደግሞ አለ። ብዙ ጊዜ መስጂድ መሄድ ያቆማል፣ ቀስ እያለም ሶላቱን ራሱን ይተዋል፤ «ጦሃራ የለኝም» ብሎ። ዑለሞች ይህን ሰው ከዑዝር ባለቤቶች ጋር ቆጥረውታል። የሶላቱ ወቅት ሲገባ ውዱእ ያደርጋል፣ ይሰግዳል፤ በራሱ ፈቃድ የማይቆጣጠረው ነገር ሶላቱን አያበላሽበትም። ይህን ባለማወቅ ዓመት ሙሉ ሳይሰግድ የኖረ ሰው ቢኖር ኃላፊነቱ የማን ነው? በዙሪያችሁ ካለ ዝርዝሩን ከኡስታዝ ጠይቃችሁ ለብቻው ሆኖ ንገሩት፣ በሰው ፊት አይደለም።

ረመዷንን በተመለከተ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች ለታመመ ሰው በሌሎች ቀናት እንዲያካክስ ፈቅዶለታል። እናቶቻችን ግን ሰው ሁሉ እየጾመ መብላት ይከብዳቸዋል። በድብቅ ይጾማሉ፣ የጠዋቱን ክኒን ወደ ኢፍጣር ያዛውሩታል። ይህን ከረመዷን በፊት መቅደም ያስፈልጋል። በሻዕባን ባለው ቀጠሮ ላይ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት፦ ትጹም ወይስ አትጹም? አትጹም ካለ፣ መዳን የሚጠበቅ ከሆነ በኋላ ቀዷ ታወጣለች፤ የማይጠበቅ ከሆነ ስለ እያንዳንዱ ቀን ምስኪን ይመገባል። ፊድያውን ራሷ እንድትሰጥ፣ ቢቻል በእጇ እንድታደርሰው አድርጉ። ከረመዷኑ እንዳልተቆረጠች የሚሰማት ያኔ ነው። ቀን ላይ ስትበላም ብቻዋን ጓዳ አትግባ። ከትንንሾቹ ያልጾመ አንዱ አብሯት ይቀመጥ።

የመጨረሻው ዚያራ ነው። ታማሚ መጠየቅ ሐቅ ነው፣ አጅሩም ትልቅ ነው። ሆኖም አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። «እገሌም በዚሁ በሽታ ነው የሞተው» የሚለው ወሬ ደጅ ይቅር። አዲስ መድኃኒት ይዛችሁ አትምጡ። ስኳርና ለስላሳ ከመሸከም፣ ማክሰኞ ከዐስር በኋላ እኔ ይዣት እራመዳለሁ ማለት ይበልጣል። የቀጠሮ ቀን መኪና ያለው መኪናውን፣ የሌለው ወረፋ የሚይዝበትን ሰዓቱን ይስጥ። ከጀማዓችሁ አራት አምስት ልጆች ሆናችሁ ሳምንቱን ብትከፋፈሉት ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። እህቶች ለእናቶች፣ ወንድሞች ለአባቶች። በሠፈራችሁ መስጂድ ዛሬ ከጁሙዐ ሶላት በኋላ ለመነጋገር ጊዜ አለ፤ ማን እንደታመመ ታውቃላችሁ፣ መጀመሪያ ግን እሷን ወይም እሱን ፈቃድ ጠይቁ።